የዲስኩ ለቅሶ

ሰው በሕይወቱ ሳለ ያልተነገረለት ምግባርና ትሩፋት በሞተ ማግስት በአልቃሽ አንደበት እንደሚገለጥ፣ ትናንት ሲታማ የዋለውም ሰው ዛሬ ከአስከሬኑ ፊት ደግ፣ ለጋስና ጀግና ሆኖ እንደሚገኝ የታወቀ ነው። ይህ ክብር ለአዳም ልጅ ብቻ ተለይቶ የተሰጠ መስሎን ስንኖር፣ በዚህ በእኛ ዘመን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የሚባለው፣ ቁመቱ ከውዳሴ ማርያም መጽሐፍ የማይበልጥ ጥቁር ሣጥን የክብሩ ተካፋይ ሆኖ መገኘቱን በወሎ፣ በሲሪንቃ፣ በእኅቴ ቤት፣ ቁጭ ብዬ ተመለከትሁ፤ ተመልክቼም ዝም ማለት ስላልሆነልኝ ይህን ጻፍሁ።

ዲስኩ በጤናው ዘመን የሚኖረው ከቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ በዳንቴል ተሸፍኖ ነበር። በውስጡ ምን እንዳለ የሚጠይቅ እንግዳ ቢመጣ የቤቱ ሰዎች ሁሉ በአንድ ቃል «የማይገኝ ነገር ነው ያለበት» ብለው ይመልሱ ነበር እንጂ፣ ያ የማይገኝ ነገር ምን እንደ ሆነ ከፍቶ ያየ፣ ቢያይም እስከ ፍጻሜው የዘለቀ አንድም ሰው አልነበረም። የሦስት ልጆች ሠርግ በቪዲዮ፣ የአባታችን ተዝካር፣ የክርስትናና የጥምቀት ፎቶግራፍ፣ ጂዳ ያለችው የእኅቴ ልጅ በየጊዜው የምትልከው ምስል፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ታናሽ ወንድሟ የጀመረው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የአረንጓዴው የመሬት ደብተር ፎቶ፣ ጎረቤታችን ሐጂ በአደራ ያስቀመጡት መንዙማ፣ በመጨረሻም ማን እንደ ጫነው የማይታወቅ በአማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ፣ ይህ ሁሉ ያለ አንዳች ሥርዓት ተደባልቆ ይኖርበት ነበር። «አዲስ ፎልደር» የሚል ስም የያዙ ክፍሎች በዝተው አንዱ ከሌላው የሚለየው በቁጥር ብቻ ስለ ነበረ፣ ዕቃ ፍለጋ የገባ ሰው ሌላ አዲስ ፎልደር ከፍቶ ይወጣ ነበር። ከሠርጎቹ አንዱ ቪዲዮ ብቻ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሲሆን፣ ሙሽራው ራሱ እንኳ ኬኩ ከሚቆረስበት ስፍራ አልፎ እንዳላየው ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ይሁን እንጂ ዲስኩ ታሪክ የሌለው አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መገባደጃ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወልድያና ወደ ሀብሩ በደረሰ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ የሚሸሽገውን ሲሸሽግ፣ እናቴ ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልላ ከጎታው ማሽላ መካከል ቀበረችው፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ በቆየበት በዚያ ወራት ሁሉ፣ ከብርሃን ተለይቶ እንደ ባሕታዊ በእህል ውስጥ ኖረ። ሰላም ሲመለስ ከጎታው ወጣ፤ አቧራው ተራገፈ፤ ተሰካ፤ ሠራም። ከዚያ ሁሉ መከራ ያመለጠው ዲስክ እንግዲህ በአንድ እሑድ፣ ከቡናው ረከቦት ብዙም ከፍ ከማይል ጠረጴዛ ላይ፣ መዝሙር እየዘመረ ሳለ፣ ገና በእግሩ መሄድ የጀመረ ሕፃን ኬብሉን ይዞ ሲነሣ አብሮ ተስቦ ወደቀ። ሕፃኑን የሚወቅስ አልተገኘም፤ ሁሉም በአንድ ልብ ኬብሉን ወቀሱት።

ከወደቀበት አንሥተው መልሰው በሰኩት ጊዜ ከውስጡ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ለበሽተኛ መድኃኒት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ እስከ ዛሬ አልተወለደምና፣ ድምፁ ገና ከቤት ሳይወጣ ሐኪሞች ተሰበሰቡ። አንዱ «በመዳፍህ መታ መታ አድርገው» አለ። ሌላው በአዲስ አበባ አየሁ ብሎ በላስቲክ ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲያድር አዘዘ፤ ሦስተኛው ስልኩ ውኃ ውስጥ ወድቆበት የዳነ ሰው በመሆኑ በሩዝ ይቀበር አለ፤ ዲስኩ ግን ውኃ እንዳልነካው ቢነገረውም ከሐሳቡ አልተመለሰም። አንዲት ጎረቤት ጠበል ይረጭ ከማለት ደርሰው ኤሌክትሪክ መሆኑ ሲነገራቸው «እንግዲያው ከሩቅ» አሉ። እናቴ ደግሞ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ «ወደ ጎታው መልሱት፤ እዚያ ሳለ ደኅና ነበር» ብላ ፈረደች፤ የኋላ ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ ከተሰጡት ምክሮች ሁሉ ለዲስኩ ጉዳት የሌለው የእርሷ ብቻ ነበር።

ስለ ምን ቢሉ፣ የዚህ ዕቃ ጠባይ እንዲህ ነው። በጥቁሩ ሣጥን ውስጥ እንደ መስተዋት የጠራ ክብ ሰሌዳ አለ፤ በእርሱም ላይ ነገር ሁሉ በመግነጢስ ኃይል ይጻፍበታል። እንዲህ ያለው ተንቀሳቃሽ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ሰሌዳውን በደቂቃ 5,400 ጊዜ ያሽከረክረዋል፤ የሚያነበውም መርፌ መሰል ራስ ሰሌዳውን ሳይነካ፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት ከአሥር ሺህ አንድ እጅ እንኳ በማይሞላ ከፍታ ላይ ተንሳፎ ያልፋል። በዚያ ጠባብ አየር ውስጥ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብትገባ ተራራ ናት። ስለዚህ በሚዞርበት ሰዓት የወደቀ ዲስክ ራሱ ከሰሌዳው ጋር ይላተማል፤ ያን የሚያህል የረቀቀ ነገርም በመዳፍ ቢመቱት መከራው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ከማቀዝቀዣ ሲያወጡትም በሰሌዳው ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ይህ ሁሉ ጥበብ ሲጀመር እንዲህ ያለ ድንክ አልነበረም፤ አይቢኤም የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ዲስክ 50 ሰሌዳዎች የተደረደሩበት፣ አንድ ቶን ያህል የሚመዝን ቁም ሣጥን ሲሆን፣ ሊይዝ የሚችለው አምስት ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ በስልክ ከተነሡት የሕፃኑ ፎቶግራፎች ሁለቱን ከቻለ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ያን ሕፃን ገፍቶ የሚጥለው አልነበረም።

መውደቅን ካነሣን ዘንድ፣ ከጠረጴዛ ሳይሆን ከሰማየ ሰማያት የወደቀ ዲስክም አለ። ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር ሰባት ነፍስ እንደ ያዘች ወደ ምድር ስትመለስ በአየር ላይ ፈራርሳ ስትበተን፣ የአንድ ሳይንሳዊ ሙከራ ውጤት የያዘ 400 ሜጋባይት የሚያህል ዲስክ ከፍርስራሹ ጋር ወርዶ፣ ከወራት በኋላ በደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ ተገኘ። ከውጭ ሲያዩት የቀለጠ ብረት ይመስል ነበር፤ ክሮል ኦንትራክ የሚባል ድርጅት ባለሙያዎች ግን አጥበውና ፈትሸው ከመቶ 99 እጁን አነበቡት፤ የሙከራውም ውጤት በ2008 እ.ኤ.አ. ለመታተም በቃ። የዳነበትም ምክንያት መንኰራኵሯ በተበተነች ሰዓት ሰሌዳው ቆሞ የማይዞር ስለ ነበረ ነው ይባላል። ይህን ለእኅቴ በነገርኋት ጊዜ የተጽናናች መስሎኝ ነበር፤ እርሷ ግን «ከሰማይ የወደቀው ተርፎ የኔ ከጠረጴዛ?» ብላ እንደ ገና አለቀሰች።

የወንድ ልጇም ላፕቶፕ ነገሩን አባባሰው። ዲስኩን በሰካው ቍጥር በመስታየቱ ላይ አንድ ጥያቄ እየመጣ፣ ይህን ዲስክ ለመጠቀም ቢፈልጉ አስቀድሞ ፎርማት መደረግ አለበት፣ ይደረግን? ይላል። እናቴ ይህን ሲያነብ ሰምታ ፎርማት ምን እንደ ሆነ ጠየቀችው፤ በውስጡ ያለውን ጠርጎ ባዶ ማድረግ ነው አላት። «አሃ» አለች፣ «እንግዲህ ለታመመ ሰው ብንጠራው መጥቶ ልገንዘው ወይ የሚል ሐኪም ነዋ!» ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ላፕቶፑን በበጎ ዓይን አላየችውም።

ለቅሶው የተነሣው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው። መንደሩ የሰማውን ሰምቶ መግባት ጀመረ። የሚገርመው ግን የመጣው ሰው ሁሉ ለእኛ ሊያዝን ሳይሆን ለራሱ ሊያለቅስ መምጣቱ ነበር፤ ይኸውም እያንዳንዱ በዚያ ዲስክ ውስጥ ከዚህ ቀደም ያላስታወሰው አንድ ነገር እንዳለው ድንገት ትዝ አለው። ሠርጉን እስከ ኬኩ ብቻ ያየው ሙሽራ ከኬኩ በኋላ የነበረው ጭፈራ በሕይወቱ ካየው ሁሉ የበለጠ እንደ ነበረ መሰከረ። ተማሪው ልጅ ጽሑፉ ሊያልቅ ጥቂት ገጽ ብቻ ቀርቶት እንደ ነበረ ተናገረ፤ ይህን የሰሙት አባቱ፣ ባለፈው ወር ገና ርእሱ አልጸደቀልኝም ብሎኝ አልነበረም ወይ ብለው በልባቸው ሲያሰሉ አየኋቸው፤ በለቅሶ ቤት ግን ሟች አይመረመርምና ዝም አሉ። ከወዲያኛው ሰፈር የመጡ ሴት ሟቹ ባላቸው በሁለተኛው ሠርግ ላይ ሲያቅራሩ የተነሡበት ምስል እዚያ እንዳለ፣ ሌላም ፎቶ እንደሌላቸው ነገሩን፤ በዚህስ ማንም አልሣቀም። ሐጂ ግን መጥተው ከደጃፉ ሳይገቡ «አላህ ያውቃል፤ መንዙማው በልቤ አለ፤ እናንተ ግን አብሽሩ» ብለው ሄዱ።

ከመጡትም መካከል ዕድሜአቸውን በማሳ ሥራ የፈጁ አንድ ጡረተኛ ነበሩ። በሲሪንቃ የሚኖር ሰው ሁሉ የግብርና ምርምር ማዕከሉን ያውቃል፤ ከዚያ ከወጡት የማሽላ ዝርያዎች አንዱ የሀብሩን ሸለቆ ስም ይዞ ግራና አንድ ተብሎ ተጠርቷል። እኒህ ሽማግሌ እንዳስረዱን፣ አንድ ዝርያ ለገበሬው እስኪደርስ ድረስ በየስፍራውና በየዓመቱ እየተዘራ፣ መቼ አበበ፣ ቁመቱ ስንት ሆነ፣ አቀንጭራ ምን ያህል በላው እየተባለ ይጻፍለታል፤ የአንዱ ዓመት መዝገብ ቢጠፋ ዘሩን ዳግመኛ መዝራት ይቻል ይሆናል፣ የዚያን ዓመት ዝናብ ግን ዳግመኛ የሚያዘንበው የለም። ማዕከሉም በጦርነቱ ጊዜ ከተዘረፉትና ጉዳት ከደረሰባቸው ተቋማት አንዱ ነው። ሽማግሌው በማሳ ላይ ሲጽፉ የኖሩት በእርሳስ እንደ ነበረ፣ ቀለም ዝናብ ሲነካው እንደሚፈስ፣ እርሳስ ግን እንደማይለቅ ነገሩን፤ ነግረውንም ወደ ቡፌው፣ ወደ ዳንቴሉ ተመልክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ዲስኩ ከተባለው ነገር ሁሉ ያሳፈረኝ ይህ የራስ መነቅነቅ ነበር።

በማግስቱ የእኅቴን ልጅ አስከትዬ ዲስኩን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ ወልድያ ሄድሁ። ኮምፒውተር የሚጠግነው ወጣት ሱቁ ጠባብ፣ ንግግሩ አጭር፣ ጆሮው ግን ረጅም ነበር፤ ዲስኩን ሰክቶ መስታየቱን ከማየት ይልቅ እንደ ወጌሻ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያም ነቀለውና ከወደቀ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደ ሰካነው ጠየቀ። ልጁ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ» አለኝ ጠጋኙ፣ «ከእንግዲህ አንድም ጊዜ እንዳይሰካ። ራሱ አልሞተም፤ ተጎድቷል። እየሰካችሁ በጠየቃችሁት ቍጥር ይፋቃል።»

«አንተስ ከፍተህ አታየውም?» አልሁት።

«እኔ በዚህ ቤት ከከፈትሁት ከዚያ ወዲያ እኔም እርስዎም ደኅና ሰንብት ማለት ነው። እሱ አቧራ የሌለበት ንጹሕ ክፍል ይፈልጋል፤ ይሄ ደግሞ የመኪና መንገድ ዳር ነው። ሳልከፍተው የምችለውን ላድርግ፤ አብሽሩ፤ ግን ሁሉ ይወጣል ብዬ አልዋሽዎትም።»

በነፍስ ወከፍ እንዲህ ያለ ሐኪም ቢሰጠን ብዬ ተመኘሁ። ሥራውንም እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፦ የታመመውን ዲስክ ፈጽሞ አይጽፍበትም፤ ፋይልም ከእርሱ ላይ አይመርጥም፤ አስቀድሞ ሁለንተናውን፣ ባዶውንም ሙሉውንም ሳይለይ፣ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ይገለብጠዋል፤ ፍለጋው ሁሉ የሚካሄደው በግልባጩ ላይ ነው። ለዚሁ የሚጠቀምበት ዲዲረስኪው የሚባል ፕሮግራም ያለ ዋጋ የሚገኝ ሲሆን፣ አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የተባለ ሰው የደረሰው ነው። ይህ ፕሮግራም በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ይሰበስባል፤ እንቢ ካለው ስፍራ ጋር ግብግብ ሳይገጥም ዘልሎ ያልፋል፤ በመጨረሻ ወደ ተዘለለው ተመልሶ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ እየመጣ ይለማመጠዋል። የደረሰበትንም ሁሉ በአንድ መዝገብ ላይ እየጻፈ ስለሚሄድ፣ መብራት ቢጠፋ ከመጀመሪያው ሳይሆን ካቆመበት ይቀጥላል። የወልድያን መብራት ሳያውቅ ለወልድያ የጻፈው ይመስላል።

ግልባጩ የሚፈጀው ጊዜ ረጅም በመሆኑ ከሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ሐሳቤ ከእኛ ዲስክ አልፎ ወደ ቀደሙት ሰዎች ሄደ። ንጉሡ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ ተቀምጦ፣ እሳት በፊቱ እየነደደ፣ የኤርምያስን መጽሐፍ በካራ እየቀደደ ወደ ምድጃው በጣለ ጊዜ ነገሩ ያለቀለት መስሎት ነበር፤ ነገር ግን ነቢዩ በሕይወት ነበረ፣ ጸሐፊው ባሮክም ቀለም ነበረው፤ መጽሐፉ እንደ ገና ተጻፈ፣ የመጀመሪያው ያልነበረበት ብዙ ቃልም ተጨመረበት። ከጠፋው ይልቅ የተመለሰው የበዛበት ሌላ ታሪክ እኔ አላውቅም። እኛ ወሎዬዎችም በዚህ ነገር እንግዶች አይደለንም፤ በመቅደላ የነበረው የአፄ ቴዎድሮስ የመጻሕፍት ስብስብ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ሠራዊት ጋር ወጥቶ፣ 350 ያህሉ ብራና ለንደን ገባ። የብሪቲሽ ላይብረሪ ሊቃውንት ከ200 በላይ የሚሆኑትን የኢትዮጵያ ብራናዎች በፎቶ አንሥተው በኢንተርኔት ላይ ስላኖሩልን፣ ከሲሪንቃ ሆነን በስልካችን ልናያቸው ቻልን፤ አመሰገንን። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወንበዴዎች የብሪቲሽ ላይብረሪን ኮምፒውተሮች በመረብ ሰብረው ገብተው የማስለቀቂያ ገንዘብ በጠየቁ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ምስል ለረጅም ጊዜ ከዓይን ተሰወረ፤ ብራናው ግን ከመደርደሪያው ላይ ንቅንቅ አላለም። የመቅደላ መጻሕፍት ሁለተኛ መዘረፍ ይህ ነው ብል አንባቢ ይቅርታ ያደርግልኛል።

ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዝቅ ሲባል ደግሞ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ ያበረከቱት አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ ያለ ሲሆን፣ በእኛ ዘመን በማይክሮፊልም ከተነሡት ብዙ ሺህ ብራናዎች ጋር ተነሥቶ ቍጥር 1832 ሆኖ ተመዝግቧል፤ የፊልሙ ግልባጭ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚባል የመነኮሳት መንደር ይገኛል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም አብዛኛውን ዘመናቸውን እዚያ ተቀምጠው እነዚህን መጻሕፍት ማን ጻፈው፣ የማን ነው፣ መቼ ነው እያሉ በየስማቸው ሲጠሩ ኖሩ። በዚያ በሐይቁ ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮበታል። ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው መጽሐፍ የጎረቤቶቹን ስም ይዞ ሲገኝ፣ ትናንት የተገዛው የእኅቴ ዲስክ «አዲስ ፎልደር» ከማለት በቀር አንድ ስም አያውቅም ነበር።

የስሙ ነገር ደግሞ ኋላ በራሳችን ላይ ደረሰ። ጠጋኙ ደውሎ ብዙው መውጣቱን፣ ጥቂቱ ግን የማይነበብ መሆኑን ነገረን፤ ሄደን ስናየው ግን የወጣው ሁሉ ስም አልባ ነበር። ይህም የሆነው ዲስኩ ሲወድቅ የተጎዳው በተለይ ማውጫው፣ ማለትም የትኛው ፋይል ምን ተብሎ የት እንዳለ የሚናገረው መዝገብ ስለ ነበረ ነው። ማውጫ ሲጠፋ ክሪስቶፍ ግረኒየ የተባለ ፈረንሳዊ የደረሰው ፎቶሬክ የሚባለው ሌላ ነጻ ፕሮግራም ይገባል፤ እርሱም ስም ሳይጠይቅ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ወይም ጽሑፍ ሲጀምር የሚይዘውን የትውልድ ምልክት እያየ ብቻ ከግልባጩ ውስጥ አንድ በአንድ ለቅሞ ያወጣል፤ ለወጣውም ሁሉ ከአንዲት ፊደል ጋር ቍጥር ይሰጠዋል። ሠርግ ከተዝካር፣ ጂዳ ከሲሪንቃ፣ ክርስትና ከቱርክ ድራማ የሚለይ አልነበረም። የተማሪው ጽሑፍም ተገኘ፤ አባቱ ከፍተው ርእሱንና አንድ ገጽ ተኩል መግቢያ አነበቡ፤ ለቅሶው ስላበቃ በዚህ ጊዜ ዝም አላሉም።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን በእኅቴ ቤት የተደረገውን ያላየ ሰው ብዙ ቀረበት። ላፕቶፑ ከጠረጴዛው መካከል ተቀመጠ (ሕፃኑ ወደ ጓዳ ተላከ)፤ ቡና ተፈላ፤ ፎቶው አንድ በአንድ እያለፈ ማን እንደ ሆነ፣ የት እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ሆነ ይጠየቅ ጀመር። ወጣቶቹ ሁለት ሦስቱን ለይተው ቆሙ። እናቴ ግን በሕይወቷ የኮምፒውተር ቁልፍ ያልነካች፣ መነጽሯን ከፍ አድርጋ፣ ሰው ከማየት ይልቅ ሌላ ሌላውን እያየች ትፈርድ ነበር፦ ይህ የታላቁ ሠርግ ነው፣ ዳሱ በሸራ ነውና፤ ለታናሹ ጊዜ ቆርቆሮ ተከራይተናል። ይህች ገና አላገባችም፣ ጥርሷ ያልተነቀሰ ነውና። ይህ ተዝካር በግንቦት ነው፣ ከኋላ ያለው ማሽላ ገና ብቅ እያለ ነውና። በሠርጉ የታየውን በሬ ሳይቀር ከየትኛው ገበያ፣ ከማን እጅ፣ በስንት እንደ ተገዛ ተናገረች፤ አሁን ያለውን የበሬ ዋጋ ጨምራ በመናገሯም ጉባኤው ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ወጥቶ ነበር። መጻሕፍት በተቃጠሉ ጊዜ ዕዝራ ሱቱኤል መልኩ እሳት የሚመስል ጽዋ ጠጥቶ፣ አምስት ጸሐፊዎች በፊቱ አስቀምጦ፣ አርባ ቀን ሙሉ የጠፋውን ከልቡ እያወጣ እንዳስጻፈ ተጽፏል፤ በዚህ ቤት ጸሐፊው አንድ፣ ያውም የሚያዛጋ፣ ጽዋውም አቦልና ቶና ነበረ እንጂ ሥራው ያው ነው። እኛ ወንዶቹና ሴቶቹ ልጆች ተሰብስበን የአባታችንን ተዝካር ከመነሻው እስከ መድረሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው ዲስኩ ከተሰበረ በኋላ መሆኑን ሳስብ፣ ያን ሕፃን ከጓዳ ጠርቼ ሳልስመው መቅረቴ ነው የቆጨኝ። የእኒያ ሴት ባልም ተገኙ፤ ዱላቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ አፋቸው ተከፍቶ፤ ምስሉም በማግስቱ ወልድያ ታጥቦ በፍሬም ተሰጣቸው።

ከዚያ የግልባጭ ጉዳይ መጣ። ጠጋኙ አንድ ዲስክ እንደ ምንም መቍጠር ነው፣ ሁለት ይሁኑ፣ ሁለቱም ከአንድ ቤት አይኑሩ ብሎ መክሮን ስለ ነበረ፣ አንዱ እዚሁ እንዲቀር፣ ሁለተኛው ወደ መርሳ፣ ወደ ታላቅ ወንድሜ ቤት እንዲሄድ ተወሰነ። እኅቴ በዚህ አልተደሰተችም፤ የመርሳዎቹ ከመካከሉ የማይፈልጉትን ያጠፋሉ ብላ ፈራች። እኔም ፍርሃቷን አላቃለልሁትም፤ ከእኛ ጥቂት ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ በውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ሁለት ቅጅ ነበረው፤ ሁለቱ ቅጅዎች በ17ኛው አንቀጽ ሳይስማሙ ቀርተው በዓድዋ መታረቃቸውን እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ስለዚህ ሁለቱ ዲስኮች ከመለያየታቸው በፊት ልጁ ፊት ለፊት አስተያይቶ እንዲያመሳክራቸው ታዘዘ፤ አመሳከረም፤ እኅቴ ግን የመርሳውን ዲስክ በዓመት በዓመቱ እየሄደች እንደምትጎበኝ አስታወቀች።

በመጨረሻ ከሥራው ሁሉ ተርፎ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ግራጫ ኮት የለበሰ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ነው። በመጀመሪያው ሠርግ ከቁርጡ አጠገብ ቆሟል፤ በሁለተኛው እስክስታ ይመታል፤ በሦስተኛው ከሚዜዎቹ መካከል ገብቶ ተነሥቷል። ማን እንደ ሆነ እናቴም አላወቀችም። የሙሽሮቹ ወገን ይሆናል ተብሎ በየተራ ተደወለ፤ ፎቶውም በስልክ ተላከ፤ ሦስቱም ወገኖች እኛ የእናንተ ዘመድ መስሎን ስናስተናግደው ነበር ብለው መለሱ። ጎረቤት ተጠየቀ፤ ሐጂም ተጠየቁ፤ እርሳቸው ሰውዬውን በእስላምም ሠርግ እንዳዩትና እነርሱም የእኛ እንግዳ መስሏቸው እንደ ነበረ ነገሩን።

«የእግዜር እንግዳ ብለህ ጻፈው» አለችው እናቴ።

ልጁ ጻፈ። ሁለተኛውን ፎቶ በዚያው ስም ሊጠራው ሲል ኮምፒውተሩ በአንድ ፎልደር ውስጥ ሁለት ፋይል አንድ ስም ሊይዝ አይቻልም ብሎ ከለከለው፤ ስለዚህ የእግዜር እንግዳ 2 ሆነ፤ ቀጥሎም 3፣ 4 እያለ ሄደ፤ ሰውዬው ከጠረጠርነው በላይ በዝቶ ነበር። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ምስሉ የሠርግ ሳይሆን የአባታችን ተዝካር ሆኖ ተገኘ፤ ሰውዬው ከዳሱ ጥግ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል። እናቴ አተኵራ አየችው፤ «ለዚህኛውስ ቍጥር አትስጠው» አለች። ልጁ እሺ ብሎ ሞከረ፤ ኮምፒውተሩ እንቢ ስላለ 9 ተብሎ ተመዘገበ።